የያዕቆብ ቀረሮ

ለያዕቆብ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለያየን እነሆ አራተኛው ክረምት ገባ። «እንዴት ነህ» ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬን አቆምኩት። ያንተ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሟች በጌታ እቅፍ ስላለ አይጠየቅም ይላሉ። የእኔ ወገኖች ደግሞ ተዝካርህ ስላልወጣ ገና መንገድ ላይ ነህ ይሉኛል። በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን የምነግርህ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ልጃችን እዮብ ትቶት ከሄደው ደብተር ላይ ወረቀት ገንጥዬ ተቀመጥኩ። የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፤ ዶሮ የጫረችው ትለው ነበር። ዶሮዋ አሁንም አልተሻሻለችም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጣራው ቆርቆሮ ሆነ። አንተ «ሣር ይሻላል፣ ቆርቆሮ ሲዘንብበት ያደነቁራል» ትል ነበር፤ እውነትህን ነው። መንደራችን ኦይቃን እንደሆነ ዝናብ አይለያትም፣ ከግንቦት ጀምሮ ጎረቤት ደጄ ላይ ቆሞ ቢጣራ አልሰማም። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ተዋጊ። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ነበር። ለለቀማው እናቴና የእህቴ ልጆች ከታች ከሰፈራው መንደር ወጥተው አገዙኝ። እናቴ ዳገቱን ስትወጣ ዛሬም ስምህን እየጠራች ትራገማለች፤ «ልጄን ወስዶ ሰማይ ጥግ ሰቀላት» እያለች። ደጃፍ ስትደርስ ደግሞ ያንተን በርጩማ ስታይ ታለቅሳለች። አሁንም ማንም አይቀመጥበትም፣ እኔም ከቦታው አላነሳሁትም።

መንገድ ገባ ብልህ ታምነኛለህ? ኦይቃ ሳይሆን ጌንካ ድረስ። ሞተር ሳይክል ከሚዛን ተነስቶ ጌንካ ገበያ ይደርሳል፤ ከጌንካ ወዲህ ያው የምታውቀው ዳገት ነው። የጌንካ ሰዎች አሁን ትንሽ ኮራ ብለዋል። ገበያ ስንወርድ ከፊታችን በፊት እግራችንን ነው የሚያዩት፣ ጭቃውን አይተው «ኦይቃዎች መጡ» ይላሉ። በክፋት አይደለም። አንተን በቃሬዛ ባወረድንህ ቀን እኮ እኩል ነበር የተሸከሙህ፤ ከቤት እስከ ወንዙ የእኛ ሰዎች፣ ከወንዙ ወዲያ እነሱ። ወንዙ ላይ ትከሻ ሲለዋወጡ ዓይንህን ገለጥ አድርገህ «አሁን የያዘኝ ማን ነው?» አልክ። ነገሩህ። ራስህን ነቀነቅህ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን አልሰማሁም፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ዋርካው ጥላ ሥር ሲያሳርፉህ ነፍስህ ወጣች። ወባ ነው አሉ፣ ቆላ ለለቀማ ወርደህ ያመጣኸው። ያን መንገድ ያኔ ቢያመጡት ኖሮ እያልኩ ብቻዬን እናደዳለሁ። ሞተር ሳይክል ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

እየዞርኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ልዙር፣ ፍቀድልኝ።

ሰፈራ ገበያ ላይ ማር በቅል ይዘህ የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? እኛ ከወሎ ከመጣን ገና ብዙም አልቆየን፤ እኔ እዚያው ሰፈራ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አማርኛህ አልተቃናም ነበርና «አንተ፣ ማር ትፈልጋለህ?» አልከኝ። እኔን፣ ነጠላ ያጣፋሁ ልጃገረድ! ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። ከተጋባን በኋላ እንኳ ስትቆጣም «አንተ» ነበርኩ፣ ስትወደኝም «አንተ» ነበርኩ፤ ልዩነቱን ከድምፅህ ነበር የምለየው። አባቴ «ዛፍ ላይ ለሚውል ሰው ልጅ አልሰጥም» ብሎ በጋውን ሙሉ አንገራገረ። ኋላ ማሩን ሲቀምስ ለሰለሰ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነውና አንተም ያን ቀን ምላስህ ተፈታ፤ በዚያ በተሰባበረ አማርኛህ አባቴን እስኪያለቅስ አሳቅከው።

ቀረሮውን ያሳየኸኝ በተጋባን ሳምንት ነው። ከኦይቃ ወደ ጌንካ በሚያሻግረው ሸንተረር ላይ፣ አያትህ ለአባትህ፣ አባትህ ላንተ የተወልህ ዛፍ። ጫፉን አያለሁ ብዬ ቀና ስል ሻሼ ከራሴ ላይ ወደቀ። ገመዱን በወገብህና በግንዱ ዙሪያ አስረህ እንደ ጉሬዛ ሽቅብ ሄድክ። እኔ ከታች የገመዱን ትርፍ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ብትወድቅ ምን እንደምሠራበት እግዜር ይወቅ። ከላይ በራስህ ቋንቋ ታንጎራጉራለህ። ለማን ነው ስልህ ለንቦቹ አልከኝ። ማሩ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቅርጫት ወረደ፣ ያ የገተማ ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ነጩ ማር። ያን ዕለት ሆዴን እስኪያመኝ በላሁ።

እዮብ ልጅ ሳለ ገመዱን ሲጎትት እጁን መታ ታደርገው ነበር። «ይሄ የእኔ ነው፤ ያንተ ደብተር ነው» ትለው ነበር። ወንድምህ ጴጥሮስ አንድ ቀን ቅር ብሎት «ልጅ አባቱ የወጣበትን ዛፍ ካልወጣ ቀፎው ማንን ይጠብቃል?» ቢልህ፣ «እኔ አለሁ» አልከው። እኔም ደስ አለኝ። የትኛዋ እናት ናት ልጄ ያን ከፍታ ይውጣ የምትለው? ለልጁ ብለህ ነው ያደረግኸው፣ ይገባኛል። ግን ያዕቆብ፣ ዘንድሮ በጋውን በሙሉ ያ ቃልህ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ከረመ። እኔ አለሁ። የት አለህ?

የአገርህን ደንብ ካንተ ነው የተማርኩት። ሰው ሲሞት ቀፎው በልጁ እጅ ሳይከፈት ሌላ አይነካውም። ወንድም ቢሆን፣ ጎረቤት ቢሆን፣ ማሩ ሞልቶ ቢፈስስ። ልጁ ወጥቶ፣ ከፍቶ፣ ቀምሶ ሲወርድ ብቻ ሌላው ሊያግዝ ይችላል፤ ለቀባሪው ሳይቀር ይካፈላል። ከዚያ በፊት እጁን የሚዘረጋ ሰው የሟቹን ሞት ሲጠብቅ እንደነበረ ይቆጠራል። ጥሩ ደንብ ነው። ኦይቃም ጌንካም ያከብሩታል። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ጴጥሮስ የራሱን ዛፎች ሥር ሲመነጥር ቀረሮህ ዘንድ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ራቅ ብሎ ያልፋል። ሥሩ ያለውን ሣር እንኳ አንድ ሰው አልነካም። ሐረግ ግንዱን ሲያለብሰው፣ ቀፎዎችህ ሽበት ሲያበቅሉ ሁሉም እያየ በአክብሮት አለፈ። እዮብ እንደሆነ ቴፒ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገባልህ። ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ሲመጣ የእሱ ፈተና ይመጣል። «ይደርሳል» ይሉኛል ሰዎቹ፣ «ቀፎ አይሸሽም።»

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ነገር። ጥቅምት አካባቢ እናቴን ላስታምም ሰፈራ ወርጄ ነበር። በዚያ መሃል የባለሀብት ሰዎች ከቀበሌው ልጆች ጋር ሸንተረሩን ዞሩት። ሻይ ነው ሊተክሉ ያሰቡት። ሰው የሚሠራበት የቀፎ ዛፍ ይተዋል፣ ሌላው ይቆረጣል ተባለ። እነሱ የሚያዩት ሥሩን ነው፤ የተረገጠ መሬት፣ የችቦ ከሰል፣ የገመድ ምልክት ግንዱ ላይ ካለ ባለቤት አለው። የጴጥሮስን ዛፎች አለፏቸው። ያንተ ዛፍ ሥር ግን ሣሩ ጉልበት ይደርስ ነበር። ስመለስ ቀረሮህ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። ሰፊ ነው፤ በብሩሽ የተቀባ። በመዳፌ ሸፈንኩት፣ አልተሸፈነልኝም።

ቀበሌ ወረድኩ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበር ሰጠኝ። የያዕቆብ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል አልኩት። «እኔም አውቃለሁ እማማ የሺ፣ እነሱ ግን በዓይን የሚታይ ሥራ ነው የሚሉት» አለኝ። ሰዎቹ ለቆረጣ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ቀፎው ላይ ከሠራ ቀለሙ ይፋቃል። ካልሆነ ግን እሱም ምንም ማድረግ አይችልም። «እማማ» ያለኝ ነገር ደግሞ በዚያ ጭንቀት መሃል ቅር አለኝ፤ ዕድሜው ከእኔ አያንስም።

በቀጥታ ጴጥሮስ ዘንድ ሄድኩ። ውጣልኝ አልኩት፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ተነስቶ ወደ ጓሮ ዞረ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል። «የወንድሜን ቀፎ ከልጁ ቀድሜ ከፍቼ፣ እሁድ በየትኛው ፊቴ ጉባኤ እቆማለሁ?» አለኝ። ዛፉ ሊወድቅ ነው እኮ አልኩት። «ዛፉ ቢወድቅ የወደቀው ዛፍ ነው» አለኝ። ሰደብኩት ያዕቆብ። የማይባል ነገር አልኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሽማግሌዎቹንም ጠየቅሁ፣ የጌንካዎቹንም። አንዳቸውም አልከፉብኝም። ሁሉም አዘኑ፣ ሁሉም ጸለዩ፣ ሁሉም «ልጁን ጥሪው» አሉኝ። ደግ ሰው ሲከለክልህ እንደማየት ያለ አቅም የሚያሳጣ ነገር የለም፤ ከማን ጋር ትጣላለህ?

ኔትወርክ የሚይዘው ከጴጥሮስ ቤት በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ እዮብን ደወልኩለት። «እማ፣ አልችልም እኮ» አለኝ መጀመሪያ። ከዚያ «እመጣለሁ» አለ።

መጣ። ቁመቱ አንተን አልፏል፣ ትከሻው ግን የእኔ ወገን ነው፤ ቀጭን። ጴጥሮስ የራሱን ገመድ ሰጠው፣ አስተሳሰሩን አሳየው፣ እግሩን የት የት እንደሚያኖር ነገረው። መንገርን ደንቡ አይከለክልም። ሰው ተሰበሰበ፣ ከማዶም ከጌንካም። ልጅህ ወጣ። የቤት ጣራ ያህል ወጣ ያዕቆብ፣ እውነቴን ነው። እዚያ ላይ ቆመ። ግንዱን አቅፎ፣ ጉንጩን አጣብቆ ቆመ። እንደማይንቀሳቀስ የገባኝ ጣቶቹን ሳይ ነው። «ወደ ታች አትይ» ይለዋል ጴጥሮስ። ወደ ላይም ወደ ታችም አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ ጴጥሮስ እያባበለው እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ ደመናውን ያያል። ምንም ያልታየ እንዲመስል። ልጄ ሥሩ ላይ ተቀምጦ «ይቅርታ አባ» አለ። ለእኔ አልነበረም ያለው። ውሃ አቀበልኩት።

ማታውን ገመዱን አንስቼ እኔ ራሴ ልሞክር ብዬ እንደነበር ብነግርህ ትስቃለህ። ደንቡ ለሚስት እንኳ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ግን ከሰው ዓይን ራቅ ስል ቀፎውን አንዴ ብነካው ብዬ ነው። በእነዚህ ጉልበቶቼ! ከመሬት አንድ ክንድ ሳልነሳ ገመዱ ቀሚሴን ወደ ላይ ሰብስቦ አሳፈረኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ እኔ ደግሞ የብብቴም አልነበረኝም የምጥለው። ሥሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀና አልኩ። ንቦችህ ይመላለሳሉ። ለነሱ ምንም ያልተለወጠ ነገር ነው።

እዮብ ወደ ቴፒ ተመለሰ። በየሳምንቱ ይደውል ጀመር፤ «መጡ?» ይለኛል፣ «አልመጡም» እለዋለሁ። በጋው እንዲህ አለቀ። የሚመጡበት ቀን ሲታወቅ አልጠራሁትም፤ ራሱ ሰምቶ በዋዜማው በሞተር ጌንካ፣ ከጌንካ በእግሩ መጣ።

የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ? ጸሎት ያቋርጣል። የኦይቃ ሰው በአንድ በኩል፣ የጌንካ ሰው በአንድ በኩል ቆመን ዓይናችን እያየ ያን ሁሉ ዘመን የቆመ ዛፍ ተገነደሰ። ሲወድቅ መሬቱ እግሬ ሥር ተነሳ። ከዚያ ንቦቹ ወጡ፤ ቆራጮቹ መጋዛቸውን ጥለው ሮጡ፣ ያ ብቻ ትንሽ አንጀቴን አራሰው። ጴጥሮስ ችቦ ለኩሶ ጭሱን ለቀቀባቸው፣ አንተ ታንጎራጉር የነበረውን እያንጎራጎረ። ተረጋጉ። ኋላ አንድ ላይ ተነስተው ወደ ማዶ ጫካ ሄዱ። የት እንዳረፉ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀፎዎችህ ተሰነጣጥቀው ማሩ መሬት ላይ ይፈስስ ነበር። የስንት ጊዜ ማር፤ ታች ያለው ጥቁር፣ ላይ ያለው ነጭ። ይህንን ልብ በል ያዕቆብ፤ መሬት ላይ እየፈሰሰ እንኳ አንድ ሰው አልነካም። እናቶች ልጆቻቸውን በክንዳቸው ይዘው ወደ ኋላ ይስባሉ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ሁሉም የሚያየው እዮብን ነው።

እዮብ በግንዱ ላይ ቆሞ መሄድ ጀመረ። ገመድ አላስፈለገውም። ከሥሩ ተነስቶ ባንተ የገመድ ጠባሳ ላይ እየረገጠ፣ አንተ ሽቅብ የሄድክበትን እሱ አግድም ሄደ። ልጁ እንደዚያ ቀስ ሲል አይቼው አላውቅም፤ አሁንም የሚወድቅ ይመስል እጁን ዘርግቶ ነበር። ቀፎው ዘንድ ሲደርስ ተንበረከከ፣ የቀሩት ንቦች ነደፉት፣ እጁን ከቀፎው አላወጣም። የማር እንጀራውን ቆርሶ አወጣና ቀመሰ። ከዚያ ለጴጥሮስ ሰጠ፣ ለእኔ ሰጠ፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ያኔ ቃሬዛህን ለያዙት ለጌንካ ሰዎች ሰጠ። ለቆራጮቹም ሰጠ። ያን ጊዜ ልጆቹ ተለቀቁና መሬቱን ሁሉ ይልሱ ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» አለች። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ማርህ እንደ ድሮው ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል።

ሰው መበተን ሲጀምር ጴጥሮስ መጣ። ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎታል። ባርኔጣውን አወለቀ። «የሺ፣ እንግዲህ ልጁ ከፍቷል» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜን ዛፍ መውጣት እችላለሁ። በፈለግሽ ጊዜ ጥሪኝ።»

ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ይህን ቃል ሊነግረኝ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። ዛፉ ከእግራችን ሥር ተጋድሟል። «እሺ ጴጥሮስ፣ እጠራሃለሁ» አልኩት። ገመዱን ከትከሻው ሳያወርድ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይኸው ነው ያዕቆብ። ማዳን አልቻልኩም። አንዳችንም አልቻልንም፤ ማንም ደግሞ ክፉ አልነበረም። ልጅህ እጁ አብጦ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሸንተረሩን ሻይ ሊያለብሱት ቆፍረውታል፤ ከደጃፌ ሆኜ ሳይ በቀረሮህ ቦታ ጌንካ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆና ትታየኛለች፤ ያን ያህል ቅርብ መሆኗን አላውቅም ነበር። አንተን ሳስብ ልማዴ ሆኖ ወደዚያ ቀና እላለሁ፤ አንገቴ አልለመደውም። ይህን ልማድ ግን አልተወውም። ዓይኔ የሚያርፍበት ነገር ባይኖርም እዚያው ባዶ ቦታ ላይ አድርጌው አስታውስሃለሁ፣ እስክመጣ።

ሚስትህ የሺ